«እኔ ነኝ» ያለው ሰው

ኅዳር 11

ሙቀቱ እንደ ትናንት። ማራገቢያው ይዞራል፤ የሚያዞረው ግን ያንኑ ሙቀት ነው።

ከዐቃቤ ሕጉ ከሰሎሞን ቢሮ የሚለየኝ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። ሲያስነጥስ «ይማርህ» እላለሁ። ደንበኛዬ ምሥጢር ሲጀምር፣ ሰሎሞን ጨዋ ሰው ነውና ሬዲዮ ይከፍታል። ዛሬ ለአንድ የኮንትሮባንድ ተከሳሽ ሲባል የእርሻ ፕሮግራም ሙሉውን አዳመጥን።

ጠዋት ችሎት በር ላይ አዳዲስ መዝገቦች ተሰጡኝ። ኮንትሮባንድ፣ የበሬ ስርቆት፣ ሰው መግደል። የሰው መግደሉ ከበሬው ይቀጥናል። ለምን ቀጠነ? ተከሳሹ አምኗላ። ያመነ ሰው ወረቀት ይቆጥባል።

ተከሳሹ እንዳለው ይባላል። ከጎጃም፣ ከሰከላ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ወጣት። ክሱ፦ በአቶ ደሴ እርሻ ላይ ሂላ አቃጥሏል፣ ማለትም ታጭዶ እንዲደርቅ ተደጋግፎ የቆመውን የሰሊጥ ክምር። ዘበኛው አቶ ጀምበሩ ከሂላው ሥር ተኝተው ነበር። አልተነሡም።

ዳኞቹ እስኪገቡ አንድ ሻይ የማያስጨርስ ጊዜ አገኘሁ። ተከላካይ ጠበቃህ ነኝ፣ መንግሥት ነው ያቆመልህ አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ኸሽማግሌዎቹ ነዎት?»

አይደለሁም አልኩት። ቅር አለው።

ኅዳር 14

ጣቢያ። መርማሪው ሳጅን ባየልኝ ወንበር ሰጠኝ። ለራሱም ሌላ አመጣና በእኔና በእንዳለው መካከል ተቀመጠ። ለብቻችን ተወን አልኩት። «እኔ እኮ አልሰማም ጋሼ» አለ። እንደማይሰማ ከመዝገቡም ይታወቃል።

የእምነት ቃሉን አነበብኩ። አንድ ገጽ አይሞላም። ሥር ላይ የአውራ ጣት አሻራ። ተጠርጣሪው ዝም ማለት እንደሚችል፣ የሚናገረው በራሱ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን፣ ጠበቃ ማማከር እንደሚችል ተነግሮታል የሚል መስመር ፈለግሁ… የለም። ባየልኝን ጠየቅሁት።

«ዝም ማለት እንደሚችል ነግረኸዋል?»

«ኧረ እሱ ዝም አላለም እኮ። ራሱ ነው ተነሥቶ የተናገረው። ሊናገር የተነሣን ሰው ዝም በል ልበለው?»

ሎጂኩን ማፍረስ አልቻልኩም። አንዳንድ ስህተት ሙሉ ክብ ነው፤ የሚያዝበት ጫፍ የለውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከእሳቱ ማግስት አቶ ደሴና የቀበሌው ሰዎች የካምፑን ሠራተኛ በሙሉ ዛፍ ሥር ሰብስበው አውጫጭኝ አስቀመጡ። ያደረገው ሰው እስኪወጣ ማንም አይነሣም፣ ማንም ወደ ሥራ አይሄድም። አያቶቻችን ጨርሰው የተዉት ነገር መስሎኝ ነበር። ቀናት ተቀመጡ። ሚሊሺያ ዙሪያውን፣ ባየልኝ በሣሩ ራኩባ ጥላ ሥር፣ እስክሪብቶው በእጁ። ከዚያ እንዳለው ተነሣና «እኔ ነኝ» አለ።

ስሰናበተው፣ ሽማግሌዎቹ መቼ እንደሚመጡ ጠየቀኝ። ሦስት ዳኞች አሉ፣ እነሱ ናቸው የሚያዩት አልኩት። «እነሱማ ኸሩቅ ነው የተቀመጡት» አለ።

ኅዳር 21

ማርያም። ችሎት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የጎንደር መንገድ ዝግ ነው ይላሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን አልሄደበትም።

ታኅሣሥ 3

ማረሚያ ቤት። እዚህ ባየልኝ የለም። ጠባቂው እንቅልፋም ነው… በዚህ አገር ከዚህ የተሻለ የምሥጢር ዋስትና አላገኘሁም።

በምን ለኮስከው? በክብሪት። ክብሪቱን ከየት አመጣኸው? ከኪሴ። ታጨሳለህ? አላጨስም። በእሳቱ ቀን ነፋሱ ከየት ነበር? እንጃ። ሂላው ከካምፑ በየት በኩል ነበር? በእጁ አመለከተ፣ ወደ ሱዳን። ፖሊስ የሣለው ንድፍ በተቃራኒው፣ ወደ ገለጉ ከተማ ይላል።

«እንዳለው፣ አንተ አላቃጠልክም።»

መሬት መሬት አየ።

«ወጣብኝ እኮ ጋሼ።»

«ምኑ?»

«ዕጣው።»

ታኅሣሥ 4

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

አጫጆቹ ሁልጊዜ ዕጣ ይጣጣላሉ። ማሳው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አረም የዋጠው አለ፣ ድንጋያማ አለ፣ እባብ የሚበዛበት አለ። ማን የቱን እንደሚያጭድ ካቦው ከወሰነ ጠብ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ እያንዳንዱ ጠጠር ወይም ስንጥር ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ የማያጭድ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ያወጣል። የወጣበት አያጉረመርምም። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ካየኋቸው ሥርዓቶች ሁሉ ይግባኝ የማይጠየቅበት እሱ ብቻ ነው።

አውጫጭኝ ላይ ተቀምጠው ቀኑ ሄደ። የታጨደው ሰሊጥ በፀሐይ አፉን እየከፈተ ፍሬው መርገፍ ጀመረ። ሰሊጥ አይጠብቅም። ሰሊጡ ከረገፈ ወቅቱን ሙሉ የደከሙበት ደመወዝም አብሮ ረገፈ። ማን እንዳቃጠለ ማንም አያውቅም፤ ወይም የሚያውቅ አልተናገረም። ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ፣ አንድ ሰው እኔ ነኝ ይበል አለ። በአገራቸው ደንብ ጥፋት ያመነ ሰው ሽማግሌ ይላክለታል፣ የሟች ዘመድ ይለመናል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ካሳውን ሁላችንም እናዋጣለን ብለው ተማማሉ። ለማንም ላይነግሩም ማሉ።

ማን ይበል? ዕጣ። ሌላ ምን ያውቃሉ?

እንግዲህ ሰው መግደልን እንደ እባባም ማሳ ተከፋፈሉት። ያልገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ራኩባው ሥር የተቀመጠው ባለ እስክሪብቶ ሰው፣ ሽማግሌ አልነበረም።

ታኅሣሥ 5

በችሎት እንዲክድ ጠየቅሁት። ቃሌን አጥፌ? አለ። ማልን እኮ አለ። ከእነዚያ ከማሉት ውስጥ ሊጠይቅህ የመጣ አለ? አልኩት። አሰበ። ሰሊጡ እንደተራገፈ አገራቸው ገቡ፣ መንገድ ቢዘጋባቸው ነው አለ። አንድም? አልኩት።

ክፉ ጥያቄ ነበር። ሥራዬ ነው።

ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነገረኝ። የዚያን ቀን ዕጣውን ያወጣችው የካምፑ ወጥ ሠሪ ናት። ውባንች ትባላለች። ገለጉ ሻይ ቤት አላት።

ታኅሣሥ 19

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች። ሁሉም የሰሙት አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ነኝ» ሲል። ያየ ግን የለም።

እንዳለው በመጨረሻ እሺ ብሎኝ ድርጊቱን ክዷል። ድምፁ አልተሰማም፣ ሰብሳቢው ዳኛ ድገም አሉት። ደገመው፣ በባሰ ዝቅታ።

የሟች ልጅ፣ የዓለምወርቅ የምትባለው፣ ፊት ወንበር ላይ ናት። ከል ለብሳለች። ሲክድ ጊዜ አልጮኸችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ እንጂ። ሲጠየቅ እንዲህ በል ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ገብቷታል። ብልህ ሴት ናት… ይህ ለኔ ጥሩ አይደለም።

ባየልኝን መስቀለኛ ጥያቄ ጠየቅሁት። ዝም የማለት መብቱን ነግረኸዋል? አልነገርኩም። ጠበቃ? አልነገርኩም። ለምን? «ለአምስት ዓመት ሳልናገር ሠርቻለሁ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። ከችሎቱ ሳቅ ተሰማ። ባየልኝ ጆሮው ቀላ። ሲወጣ ሰላም አላለኝም።

«በሕግ አምላክ» ሲባል የሚፈስ ውሃ ይቆም ነበር ይላሉ። በዚህ ወር እዚህ የሚፈስ ውሃ ስለሌለ ማረጋገጥ አልተቻለም።

ጥር 14

ገለጉ። አይሱዙ፣ ከላይ፣ ከሽንኩርት ጋር። መንገድ የሚሉት ነገር የመኪናው ሹፌር ትዝታ ነው። ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን።

ሻይ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። አንድ ራኩባ፣ ጥቂት በርጩማ፣ ከሱዳን የመጡ ሁለት ሾፌሮች ከርከዴ ይጠጣሉ። ውባንች አርባን ያለፈች፣ ወፍራም፣ ምላሰኛ።

«አንቱ ነዎት ጠበቃው? እንዲህ አቧራ ለብሰው? እኛ ጋ ቀን ሠራተኛ እንኳ ታጥቦ ነው የሚገባ።»

ውሃ ሰጠችኝ። ታጠብኩ። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት። ሾፌሮቹ እስኪሄዱ ብርጭቆ አጠበች።

ሁሉንም ታስታውሳለች። የዚያን ቀን ማለዳ ሚሊሺያው ቁርስ ሲበላ አጫጆቹ ባርኔጣውን ይዘው ወደ ማድቤቷ መጡ። ሌላው ጠጠርና ስንጥር ጥሏል፤ እንዳለው የሸሚዙን ቁልፍ። እጇ ሲገባ ቁልፉን ያዘች። የማን ነው አለች። የኔ አለ።

«ለማሳ ሲጣል አንድ ቀን ወጥቶበት አያውቅም። ዕድለኛ ነበር።»

ለፍርድ ቤት ትናገሪለታለሽ? አልኳት። ሻይ መቅዳት ጀመረች፣ የሚጠጣ ሰው ሳይኖር። ልጁ ይፈረድበታል ወይ አለች። ይፈረድበታል፣ ብዙ ዓመት አልኳት። ሽማግሌስ? አለች። የለም አልኳት።

«እኔንስ ነገር አያመጣብኝም?»

«አንቺ ምስክር ነሽ እንጂ ተከሳሽ አይደለሽም።»

ትክክለኛ መልስ ነው። አይደለም እንዴ? ነው።

እመጣለሁ አለች።

ጥር 28

ብይን፦ ይከላከል። የጠበቅነው ነው። ቀጠሮ ለየካቲት።

ምሳ ላይ ሰሎሞን መከላከያ ምስክር እንዳለኝ ጠየቀ። አለኝ አልኩት። ከየት? ከገለጉ። በአይሱዙ? በአይሱዙ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገ። ጠላትነት ቢኖረን ኖሮ ኑሮ ይቀል ነበር።

የካቲት 16

ውባንች መጣች። ነጭ ነጠላ፣ ዘይት የተቀባ ፀጉር። ማለች።

እንዲህ ያለ ምስክር በሥራ ዘመኔ አላየሁም። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ባርኔጣው፣ ጠጠሩ፣ ቁልፉ። ሰብሳቢው ዳኛ ራሳቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። «ዕጣውን ሲያወጡ ዐይንዎን ጨፍነው ነበር?» አሏት። «ሁልጊዜ ነው የምጨፍነው» አለች።

ከዚያ ሰሎሞን። በትሕትና ነው የጠየቃት፣ እሱ እንዲህ ነው።

«ወይዘሮ ውባንች፣ ዕጣው ለምን እንደሚወጣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ማን የማያውቅ አለ?»

«ያላጠፋ ሰው አጠፋሁ እንደሚልም ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ለፖሊስ ነግረዋል?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ደስ አለኝ። የተማረ ምስክር ቢሆን ኖሮ አላውቅም ነበር ይል ነበር፤ እሷ አወቀች፣ ስለዚህ ታመነች። ይህን ሳስብ ነበር እዚያ ቁጭ ብዬ።

የዓለምወርቅ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ውባንችን ስታይ ነበር።

የካቲት 30

ፍርድ። የእምነት ቃሉ መብቱ ሳይነገረው የተወሰደ በመሆኑ፣ ይዘቱም በመከላከያ ምስክር የተስተባበለ በመሆኑ፣ ሌላ ማስረጃ ባለመኖሩ… በነፃ ይሰናበት።

በነፃ! ከነፃ ጋር ከተያየን ስንት ጊዜያችን ነው?

እንዳለው አልገባውም ነበር። ፖሊሱ ሰንሰለቱን ሲፈታ ሌላውንም እጁን ጨምሮ ሰጠው፣ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዱት መስሎት። ውጪ ላይ ልጨብጠው ሄድኩ።

«አሁን ዕርቁ መቼ ነው?» አለኝ።

ዕርቅ የለም፣ አንተ ነፃ ነህ አልኩት።

«የሞቱ ሰውዬ አሉ እኮ ጋሼ።»

መኪና ተራ ሂድ አልኩት።

የዓለምወርቅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከዚህ በፊት ድምጿን ሰምቼ አላውቅም፤ ቀጭን ነው፣ እንደ ልጅ።

«አባቴ ራሱን አቃጠለ?»

ማን እንዳቃጠላቸው እንደማላውቅ ነገርኳት። እውነት ነው። እስካሁን አላውቅም። ያን ማወቅ የኔ ሥራ አይደለም ልላት ነበር፤ ደግነቱ አላልኩም።

መጋቢት 2

እንዳለው ጎጃም ገብቷል ይላሉ። መንገዱ ለሱ ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው። ደህና ሁን ያለኝ የለም፤ ጥሩ ነው። ደህና ሁን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ የተፈረደባቸው ናቸው።

መጋቢት 9

ከግድግዳው በስተጀርባ የዓለምወርቅን ድምፅ ሰማሁ። ሰሎሞን ሬዲዮ አልከፈተም። እሷ የሱ ባለጉዳይ ናት፣ እኔ ደግሞ ሬዲዮ የለኝም።

እየለመነች አልነበረም። እያስረዳች ነበር። ሴትዮዋ አውቃ ዝም ብላለች፤ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ፖሊስ እውነተኛውን ሰው እዚያው ካምፕ ውስጥ፣ ሳይበተኑ ይይዝ ነበር፤ አሁን ሁሉም ሄዷል፤ የቀረችው እሷ ናት። ታዲያ አባቴን ማንም አልገደለውም ተብሎ ይቅር?

ሰሎሞን ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ፣ ማስረጃውስ አለ። የዓለምወርቅ፣ ራሷ በችሎት ተናግራለች፣ ተጽፏል አለች።

ተጽፏል። እኔ ነኝ እንድትናገር ያመጣኋት። በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጋር ሄጄ።

መጋቢት 10

ሰሎሞን ምሳ አልመጣም። የለመድነውን ፉል ብቻዬን በላሁ። ቀዝቃዛ ነበር።

መጋቢት 12

ውባንች ተይዛለች። ፍትሕን በማሳሳት። ባርኔጣ ውስጥ ጠጠር ከጣሉት ሁሉ አንድም አድራሻው አልታወቀም። የእሷ ታውቋል፤ አድራሻዋን በመከላከያ ምስክርነት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ቀበሌዋን ሳይቀር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ዛሬ ሰሎሞን የቢሮዬ በር ላይ ቆመ። አልገባም። «ሕጉ ነው ወንድሜ» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሕጉ መሆኑን ከሁሉም ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አላወቅሁም ነበር። ወይስ አውቄ ነበር? ገለጉ ላይ ስትጠይቀኝ… አንድ አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ብትናገሪ በራስሽ ላይ ሊመጣ ይችላል። የባየልኝን ጆሮ በችሎት ያቀላሁበትን አረፍተ ነገር ማለቴ ነው።

ብነግራትና ባትመጣስ? ልጁ ዛሬ የት ይሆን ነበር? አላውቅም። ይህ ጥያቄ ለራሴ ሲመቸኝ ሲመቸኝ ይመጣል።

መጋቢት 14

ተከላካይ ጠበቃ ተመድቦላታል። እኔ ነኝ።

የጥቅም ግጭት አለብኝ፣ በምስክርነት ያቀረብኳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ይመደብላት ብዬ አመለከትኩ። ሌላ የለም፣ በጊዜያዊነት ያዝ ተባልኩ። እዚህ ጊዜያዊ ማለት እስከ ፍርድ ማለት ነው።

መጋቢት 15

ጣቢያ ሄድኩ። ባየልኝ ዛሬ ሰላም አለኝ። ሁለት ወንበር አመጣ፣ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለሷ። ለራሱ አላመጣም። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ በትልቅ ፊደል፦ ዝም የማለት መብት፣ ጠበቃ የማማከር መብት፣ የሚናገሩት ማስረጃ እንደሚሆን።

«በእርስዎ ምክንያት ነው ጋሼ። ሲመጡ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ፣ አንድም አልዘልም። ለሷም ቃል በቃል አንብቤላታለሁ። ይጠይቋት።»

አልጠየቅኋትም። ፊቷ ላይ ይታያል።

ባየልኝ ወጣ። በሩን ዘጋው፣ ከውጪ ርቆ ሲሄድ ሰማሁት። የፈለግሁት ሁሉ ተሟልቷል፤ ለብቻችን ነን፣ ምሥጢር ነው፣ መብቷ ተነግሯታል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከደንበኛዬ ጋር ተቀምጬ አላውቅም።

ውባንች ጸጉሯ ዘይት የለውም። ሻይ ቤቱን ማን ያዘልሽ አልኳት። ማንም አለች። ወረቀቱን በአገጯ አመለከተች።

«ይሄ ዝም ማለት… ገለጉ ሲመጡ፣ ያን ጊዜም እችል ነበር?»

«ትችይ ነበር።»

አየችኝ። ከዚያ ዞር አለችና ወደ ግድግዳው ፊቷን ሰጠች።

ስለ ልጁ ነገርኳት፣ ጎጃም እንደገባ። ስለ ዋስትና ነገርኳት። ምን ማለት እንዳለባት፣ ምን ማለት እንደሌለባት ነገርኳት። የዋስትና ማመልከቻው ላይ ፈርሚልኝ ስላት ሳታይ ፈረመች።

ከዚያ ጥያቄ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። መብቷ ነው።